ጠብ ሳይል

ሦስት ሌሊት ሙሉ ሞተር ሳያጠፋ
አድሮ መጣ ኦሼክ፣ ዐይኑ ደም ለብሶ፣ ፊቱ እንደተከፋ።
«ካጠፋሁት» አለኝ፣ «ጠዋት አይነሳም፤
ውሃ ካላደረስኩ፣ ግመል ቢታገሥም ከፊሌ አይረሳም።»

አል ዐይን፣ ሰናዒያ። ከቆርቆሮው ጫፍ
የጥር ጤዛ ይወርዳል፣ ጠብ ጠብ እያለ ደጃፍ።
ነጭ ፒክአፕ ናት፤ ጎኗ በአሸዋ የተፋቀ፣
ጀርባዋ በበርሜል፣ በድርቆሽ፣ በገመድ የታጨቀ።

እኔ ከመፍቻ በፊት በጆሮ ነው የምጀምረው፤
ያስለመደኝ እንድሪስ ነው፣ የኮምቦልቻው፣ አንድ ጥርስ የቀረው።
«ናፍጣ» ይል ነበረ፣ «ሲታመም ውሸት አያውቅበትም፤
ጭሱን ብቻ እየው፣ የሚሰውረው የለበትም።
ጥቁር ካጨሰብህ፣ በልቷል ሳይተነፍስ፤
ሰማያዊ ካየህ፣ ፋሻው አልቆ ዘይት ነው የሚልስ፤
በጠዋት ነጭ ከሆነ፣ ካንዴሌታው ሞቶ፣
ወይ ውሃ ገብቶበት ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ።
ጭስ ከናካቴው ሲጠፋ፣ ሞተሪኖው እየዞረ፣
ያኔ ፓምፑን አትማ፤ ነዳጁ ነው መንገድ ላይ የቀረ።»

ካንዴሌታ፣ ሞተሪኖ፣ ፋሸታ፣ ጓርኒሲዮን፤
ጣልያን ጥሎት የሄደውን፣ እንድሪስ ያወረሰኝን፣
ባሕር አሻግሬ ባመጣው፣ ሻጂ አያውቅም፣ አይሰማም፤
ይስቃል። ብረቱ ግን ከማንም ጋር በስም አይጣላም።

«አጥፋው» አልኩት።
እጁ ቁልፉ ላይ ቆመ።
«አጥፋው፣ እኔ አለሁ።»
አጠፋው፤ ዝምታው ጆሮ አመመ።

ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሲያስነሳው ይዞራል፣ ይዞራል፣
ጭስ የለም። የእጅ ፓምፑን ስጫነው፣ እንደ ነጠፈች ግመል ጡት፣ ባዶ ይሰምጣል።
ፊልትሮው ንጹሕ ነው። በጀርባዬ ተንፏቅቄ ገባሁ ከሥር፤
ጠብ ያለ ነገር የለም፤ አቧራው እንኳ አልራሰም ለምስክር።
በጣቴ እየዳበስኩ፣ ከፊልትሮው ጀርባ፣ መብራት ከማይደርስበት፣
የጎማ ቱቦ አገኘሁ፣ የሐምሌ ፀሐይ አፍ የከፈተበት፤
የፀጉር ያህል ስንጥቅ።
ነዳጅ አያፈስስም፤ አየር ነው የሚጠጣ፣
መኪናዋ ስትተኛ ነው ክፋቱ የሚመጣ፤
አየሩ ሲገባ ናፍጣው ወደ ኋላ ይሸሻል፣
ማንም ሳያይ፣ ጠብ ሳይል፣ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ሻጂ ስልኩን ይዞ መጣ፣ ዝቅ ብሎ አየኝ፤
«ፓምፕ ነው በለው። ሦስት ሺህ» አለኝ።
የኦሼክ ደሞዝ ዘጠኝ መቶ፣ የጥገናውም ዕዳ በእሱ ላይ።
መቶ ሃምሳዋ የእኔ ድርሻ ናት፤ አሰላኋት፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ የመኪናዋን ሆድ ሳይ።

አንድ ስንዝር ቱቦ ቆረጥኩ፣ ሁለት ፋሸታ አጠበቅኩ፤
አየር ማስወጫውን አላልቼ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤
የእጅ ፓምፑን፣ እስኪጠጥር፣ ሠላሳ ጊዜ ያህል ጫንኩ።
በአንዴ ተነሳ። «አጥፋው» አልኩት። አጠፋው። እንደገና፣
በአንዴ። ሦስተኛውን ራሱ አጠፋው፣ ሳልነግረው ገና።
ሂሳቡ ስምንት ድርሃም።
ከፍሎኝ፣ ድርቆሹ ላይ ወጥቶ፣ ጥምጣሙን ዐይኑ ላይ ጥሎ፣
ተኛ፤ ውሃ የሚጠብቁት ግመሎች ይታገሡ ብሎ።

ሻጂ እስከ ማታ አላናገረኝም። ይሁን።
እኔ ግን ደግ አይደለሁም።
ባለፈው ኅዳር፣ ጉል ዘማን ለሚባል የፔሻዋር ሹፌር
«ፓምፕ ነው» ብዬዋለሁ። ከፈለ፣ በአራት ወር ብድር።
የእሱም ቱቦ ነበር።
አመስግኖኝ ሄደ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ።

ክስ የለም፣ ጠብ የለም፤ ጠብ ያለ ነገርም የለም፤
ብቻ ጠዋት ጠዋት እኔ
በመጀመሪያው ጥሪ አልነሳም።