ምዕራፍ ሦስት

አማካሪዬ ምዕራፍ ሦስትን በቀይ ቀለም አሰመረ፤
ከኅዳጉ ላይ አንዲት ጥያቄ በጠባቡ አሳደረ፦
«ምን እንዳደረግሽ ነግረሽኛል፣ ዘዴሽንም ቆጥረሻል፤
ለምን በዚያ እንደሄድሽ ግን፣ ሥነ ዘዴሽን መች ጽፈሻል?»

እኔም መጠይቄን አቅፌ፣ ኮዬ ፈጬ ወረድኩ፤
ከብሎክ ብሎክ ዞሬ ዞሬ፣ በየአምስት በር ቆምኩ።
አምስተኛው በር ዝግ ነው፤ ዐሥረኛው በር የለውም፤
ዐሥራ አምስተኛው ላይ ውሻ፣ ውሻ መጠይቅ አይሞላም።

ሃያኛውን ወይዘሮ ስንቅነሽ ከፈቱልኝ፤
አራተኛ ፎቅ፤ ቢጫ ጀሪካን ደረጃውን ይዞ ተሰልፏል።
ጥያቄ ሰባትን አነበብኩላቸው፦
«ውሃ የሚያገኙበት ዘዴ ምንድን ነው?»
ሳቁ።
«ዘዴማ አለ፤ ወረቀት ላይ ግን አይጻፍም።
የቫልቩን ልጅ ስልክ ይዣለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ካርድ እልክለታለሁ።
ዘዴ የሌለው ያው እንደምታዪው ነው»
ብለው የጎረቤታቸውን ደረቅ ባልዲ በአገጫቸው አሳዩኝ።
እኔም ከሳጥኖቹ አንዱ ላይ ምልክት አደረግሁ፦
«ሌላ»።

ከታች የብሎኩ ጥበቃ ኦቦ ደበሌ፣
(ፎቁ ሳይቆም እዚሁ ላይ ሽንብራ ይዘሩ የነበሩ)
ወረቀቴን ገልብጠው አዩና፦
«አንቺ ልጅ፣ ለምን አምስት? ለምን አራት አልሆነም?
ውሃ እንደሆን በር አይቆጥርም፤ ከቁልቁል ሌላ አያውቅም።»

«ሜቶዶሎጂ ነው» አልኳቸው።
«የሰው ስም ነው?»

መጽሐፉ አምስት ይላል ልል ነበር፤ መጽሐፉም አላለም።
እኔው ነኝ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲጥለኝ፣ አምስት ያልኩት።
በእኔ ሠንጠረዥ አማካዩ ሰው በቀን በቀን ይጠጣል፤
ወይዘሮ ስንቅነሽ ከላይ ሆነው የጎረቤት ቧንቧ ያዳምጣሉ።

ኦቦ ደበሌ ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት ያውቃሉ።
ጆሯቸውን ከብረቱ ያስጠጋሉ፦
«መጀመሪያ አየሩ ነው፤ እንደ አስም ሰው ያፏጫል።
ያኔ ሁሉም ባልዲውን ይዞ ይሮጣል፣ ተታሎም ይመለሳል።
ከዚያ ዝም ይላል።
ዝምታውን የታገሠ ነው...»
አልጨረሱትም። ሳል ያዛቸው።

«እንዴት አወቁ?»
«ተሳስቼ። ሦስት ጊዜ።
ሙሉ ብሎክ በውድቅት ቀስቅሼ፣
በባዶ ባልዲ ተሰድቤ።
በአራተኛው እኔም ፈራሁ፣ ብቻዬን ወርጄ አየሁ፤
ከዚያ ወዲህ ሳላይ አልጠራም።»

ይህን በየትኛው ሳጥን ላስገባው?

ሲመሽ ታክሲው ቀረብኝ። ነፋሱ ከቱሉ ዲምቱ በኩል ነው።
እንደሳቸው ተንበርክኬ ጆሮዬን ከቧንቧው አስጠጋሁ።
ብረቱ ይቀዘቅዛል። ቆየሁ።
ፉጨት የለም። ዝም አለ። ከዝምታው ውስጥ
ድም፣ ድም፣ ድም የሚል መጣ፤
«መጣ!» አልኩ፣ «ኦቦ፣ ውሃው መጣ!»

አጎንብሰው ሰሙ። ቀና አሉ።
«የራስሽ ደም ነው» አሉኝ፤
«መጀመሪያ እሱን መለየት ልመጂ።»