ጋት የሚሰጥ ገመድ

ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ከጦይባ ሱቅ ደጃፍ፣
ገመድ ልመርጥ ቆምኩኝ፣ እንጀራዬ ከዛፍ።
ዝግባ ከጓሮ ሲያረጅ፣ ሲደርቅ ቅርንጫፉ፣
ባሕር ዛፍ ከመብራት ሽቦ ሲገጥም በጫፉ፣
«ይመርን ጥሩልኝ» ይባላል በሰፈር፤
እኔም እሰቀላለሁ በሰማይና በምድር
መካከል ተንጠልጥዬ፣
መጋዝ በወገቤ፣ ነፍሴን ባንድ ክር ላይ ጥዬ።

ጦይባ አወረደችልኝ አንድ ቀይ ገመድ፣
ቢጫ ነጠብጣብ ያለው፣ ቶሎ እጅ የሚለምድ።
«ይሄ ይለጠጣል፤ ብትወድቅ አይሰብርህም፣
እንደ እናት ይቀበልሃል፣ ወገብህን አይነካህም።»

«አብሽሪ ጦይባ፤ ጥሩ ነው ለሚወድቅ፣
እኔ ግን ገመድ ላይ ነኝ ቀን ሙሉ የምዘልቅ።
ክንድ ስቤ ክንድ ካልወጣሁ፣ ግማሹን እሱ ከበላ፣
ገና ግንዱን ሳልነካ ጉልበቴ አለቀ በመላ።
ደግሞ መጋዙ ሲያጓራ፣ እንደ ላስቲክ ካነጠረኝ፣
የያዝኩት ስለት ዞሮ የገዛ ጭኔን ቆረጠኝ።»

አምና ነው፤ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ዋርካ ላይ፣
አሮጌው ናይለኔ ሌሊቱን ዝናብ ጠጥቶ አድሯል።
የረገጥኩት ቅርንጫፍ ተገነጠለ።
ገመዱ አልተበጠሰም።
ረዘመ እንጂ፣
ረዘመ፣
ረዘመ፣
ከታች የቆመው ጉቶ ጎኔን እስኪያገኝ።
ሁለት የጎን አጥንት።
ሙሄ መሬት ላይ ሆኖ፣ ጫፉን እንደያዘ አለቀሰ፤
አልለቀቀም ግን።

ይህን ስነግራት ጦይባ በሳቅ ፈረሰች፦
«እንዲያማ ከሆነ የድሮ ባሌ ነው፣
ስስበው ‹ነገ፣ ነገ› እያለ የሚረዝመው!»

ከዚያ የብረት ገመድ ጎትታ አመጣች፣
«ይሄስ? ፍንክች አይልም» ብላ ባንኮኒ ላይ ጣለች።
«እሱም አይሆነኝም። ፍንክች የማይል ነገር፣
አንድ ቀን እግሬ ቢስት፣ ወገቤን ነው የሚሰብር።
ደረቅ ዳኛ ነው ይሄ፣ ይግባኝ የማይሰማ፣
ለአንዲት ስንዝር ስህተት ነፍስ የሚቀማ።»

ከመደርደሪያው ጥግ፣ አቧራ የጠገበ፣
ነጭ ገመድ አየሁ፤ ጥቁር ክር በመሐሉ የሚሄድ፣
ማንም ያልጠየቀው።
አጠፍኩት። ታጠፈ፣ ግን አልተልፈሰፈሰም።
ልብሱን በጥፍሬ ወደ ታች ገፋሁት፣
ሆዱን ጥሎ አልሄደም።
«ልንጠልጠልበት?»
«ሱቄን እንዳታፈርስ!»

ከጣሪያው ወራጅ አሰርኩት፣ ቀበቶዬን አጠበቅሁ፣
እግሬን ከመሬት አነሣሁ።
«ኧረ ሰውየው ራሱን ሊሰቅል ነው!»
ጮኸች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣
ገበያው ግማሹ መጣ።
ሙሄ ግን ማንንም ሳያይ ጎንበስ አለ፣
ጠመኔውን አወጣ፣ ግድግዳው ላይ ጫረ፣
በመዳፉ ለካ።
«አንድ ጋት።»
ከጧት ጀምሮ ያወጣት ቃል ይቺ ብቻ ናት።
ቀዩን ደግሞ ሞከርን፤ ስንዝር አልፎ ሄደ፣
ጫማዬ የጦይባን የጨው ጆንያ ረገጠ።

ጋት ትበቃኛለች።
ስደነግጥ የምታባብለኝ፣
ስሠራ የማትንጠኝ፣
ከዚያ ወዲያ ያለውን ለሰርከስ ተዉት።

ዋጋው ላይ ተጨቃጨቅን፤ የኔ ቤት እቁብ ያውቀዋል።
ስልሳ ሜትር ቆረጠች፣
እንዳይተረተር ጫፉን በክብሪት አቀለጠች፣
ትኩሱን በጣቷ ጠፍጥፋ፣ እፍ እፍ አለችበት።
«አሮጌውንስ?»
«ሙሄ በሬ ያስርበታል።»
«በሬው እንዳይረዝምበት!»

ማግሥቱን ቧንቧ ውሃ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ በላይ
ያዘመመ ዝግባ።
ከጦሳ የሚወርደው ነፋስ ጆሮዬን ሲያሳክከኝ
ጫፍ ላይ ደረስኩ፤ ልጆቹ ከክፍል ወጥተው
አንጋጠው ቆመዋል፣ መምህሩ ይቆጣል።
ሙሄ ከታች ሁለቴ ሳበ፤
«እንዴት ነው?» ማለቱ ነው።
እጄን ከግንዱ አላቅቄ
ሙሉ ክብደቴን ለገመዱ ሰጠሁት።

ጋቱን ሰጠ።
ከዚያ ቆመ።

አንዴ ሳብኩለትና መጋዙን አስነሣሁ።