ማረፊያ

ከልደታ ሜዳ ጥግ፣ ከመጋዘኑ ደጃፍ፣
ሃምሳ አለቃ ጉተማ ሚዛን ዘርግቶ ቆሟል፣ እኔን ሊጽፍ።
“ስንት ኪሎ ነህ?” አለኝ፣ እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣
“በየቱ ልንገርህ? ከነእግሬ ነው፣ ወይስ አንዱ ተቀንሶ?”
አልሳቀም። ሚዛን ላይ ቆሞ ጉተማ ቀልድ አያውቅም፤
“ክንፍ ልኩን ነው የሚሻ፤ የሰው ጨዋታ አይጠይቅም።”

እግሬንም የሠራው እሱ ነው፣ ካረጀ የክንፍ ቆርቆሮ፣
ቀጥቅጦ፣ ሞርዶ፣ በስቶ፣ ከጉልበቴ በታች አስሮ።
ሰማይ ያየ ብረት ነው፤ መሬት ለመርገጥ ያፍራል፣
ሜክሲኮን ሳቋርጥ፣ በየንጣፉ ላይ ብቻውን ይናገራል።
እግረኛ ነበርኩ በጦሩ፤ ታዘቡት የቃሉን ነገር፣
ስሙ ይኸው አብሮኝ አለ፤ ከድቶኝ የሄደው እግር።

ሻምበል ልሳነወርቅ፣ ጡረታ የወጣ አብራሪ፣
ቤንዚኑን ከኪሱ ገዝቶ፣ በዓመት አንዴ እኛን ጠሪ፣
በባለ አራት ወንበር አሮጊቱ፣ በተራ ወደ ላይ ይወስደናል፤
ሰልፍ የለም፣ ማርሽ የለም፤ አንድ ዙር ከተማዋን ያሳየናል።
አምና አበጋዝ ነበር፣ ሁለት ዓይኑን ፈንጂ የነጠቀው፤
“ምን አየህ?” ስንለው፣ “ፀሐይዋን። ፊቴ ነው ያወቀው።”

ዘንድሮ ተራው የኔ ነው። ወጣሁ፤ ቀበቶ ታሰረልኝ።
በጎኔ ያለው ወንበር ግን ባዶ እንደሆነ ታየኝ።
ጉተማ የአሸዋ ከረጢት አቅፎ፣ እያለከለከ መጣ፣
እንዳይንጋደድ ደግፎ፣ ቀበቶ አስሮለት ወጣ።
በከሰል ተጽፎበታል። አነበብኩ። “ጫኔ፣ ስልሳ አንድ።”
እግሬን ሲለካ አንድ ምሽት ያወጋሁት፣ እንደ ቀልድ።

ጫኔ ነበር፣ ስሙም ግብሩ፣
በጀርባው ጭኖ ያደረሰኝ፣ ከምሽጉ እስከ ሄሊኮፕተሩ።
“ሞልቷል፤ አንድ ሰው አይጨመር!” አሉ፤ አቧራው ሰማዩን ሸፍኖታል፣
“በሚቀጥለው” አለ ጫኔ፤ ድምፁን ሞተሩ ውጦታል።

የሚቀጥለው አልመጣም።

ተነሳን። ልደታ ወረደች፤ ፍርድ ቤቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣
ጦር ኃይሎች ሆስፒታል፣ ያ መስኮት፣ ያ የሰባት ወር ሕመሙ።
ለገሃር ጣሪያው ዝጎ፣ ስታዲየም እንደ ተከፈተ መዳፍ፣
ጥቁር አንበሳ በር ላይ ወረፋው፣ ከላይ ሲታይ አንድ መስመር ጽሑፍ።
ማንም ቀና ብሎ አላየንም። ለምንስ ያያል? ታክሲው ይሞላል፣
ተማሪ ከክፍል ይፈታል፣ ትኩስ ዳቦ ሊያልቅ ነው ይባላል።

ጫኔ ከሜክሲኮ ልደታ ረዳት ነበር፣ ከመዝመቱ በፊት፤
ሞልቶ እንኳ “ጠጋ በሉ፤ አንድ ሰው!” ይል ነበር፣ ቀንና ሌሊት።
ጉልበቴን ሰብሰብ አድርጌ፣ “ጠጋ በል” አልኩት ከረጢቱን፤
ሻምበል ዞሮ አየኝ፤ ዝም አለ፤ አዘነበለ ክንፉን።

“ልናርፍ ነው” አለ በኋላ። ይኼ ቃል ሁሌ ያስደነግጠኛል፤
በኛ ቋንቋ አውሮፕላን ያርፋል፤ የሞተም ሰው “አረፈ” ይባላል።
ጎማው አስፋልቱን ሲነካ፣ የብረት እግሬ ቀድሞ ሰማ፤
በሩ ሥር እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል ጉተማ።

“አሸዋው ከየት ነው?” አልኩት፣ ልቤ የድንበር አፈር ብሎ፤
“ከኮንዶሚኒየሙ ሥራ የተረፈ” አለኝ፣ ከረጢቱን አዝሎ።
ቀስ እያለ ነው የሄደው። እንደ ቁስለኛ ነው የያዘው።
ስሙን አላጠፋውም። ሌላ ከረጢት ይሰፋል፣ ለሚቀጥለው።