የጎደለችው ኢ

ዱሉዝ፣ የካቲት። ሐይቁ እንደ ድንጋይ ረግቶ፣
ብረት ጫኙ መርከብ ወደቡ ላይ ተኝቶ፣
ሊነጋጋ ሲል ክፍል ዐሥራ አራት ደወለች፤
«ማስተዋል፣ ነይ እስቲ፣ በሩን ዝጊው» አለች።

አልማ ሳንድቪክ ናት፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ፣
እንቅልፏ አብሮ የሄደ ከሟች ባለቤቷ።
ከካልሲዎቿ መሐል ትንሽ ካርቶን ሳበች፤
የፀጉር ቀለም ነው። «ዛሬ ካልሆነ» አለች።
«ቀይ ነው፣ ግን እንዲያው ቀይ ብቻ አይደለም፤
የማዕድን ትቢያ፣ የዝገት ቀለም፤
አርኔ ከወደብ ሲገባ አንገትጌው ላይ የነበረው፣
ሠላሳ ዓመት በሳሙና ያላስለቀቅሁት ነው።»

ጓንት አጠለቅሁ። ሽበቷን በማበጠሪያ ከፈልሁ፤
ከግንባር እስከ ማጅራት ቀባሁ፣ ቀባሁ፣ ቀባሁ።
ካርቶኑ «አርባ ደቂቃ ይቆይ» ይላል፤
የኔ ፈረቃ ግን በሃያ ያልቃል።
ለተረኛዋ ብዬ መዝገቡን ገለጥሁ፤
ማታ ማታ በለቀምኳት እንግሊዝኛ ጻፍሁ፦
«ክፍል ዐሥራ አራት፤ አልማ ዳይንግ ናት።
ቁርስ ሳይደርስ ትጨርሳለች። አትረብሿት።»

አውቶቡሴ ገና ዳገቱን ሳይጨርስ
ስልኬ ጮኸ።

ለካ ቃሉ ሁለት ነው፣ ለጆሮ አንድ መስሎ፤
መሐሉ ላይ ኢ ካለች ፀጉር ነው፣ ቀለም ነው፤
ኢ ከወጣች ግን ነፍስም አብራት ትወጣለች።
ተረኛዋ፣ በሩን ከመክፈቷ በፊት ስልኩን አነሣች፤
ቤሚጂ ላለው ልጅ፣ ሚልዋኪ ላለችው፣
ለፋርጎው፣ ስንት ገና ካርድ ብቻ ለላከው፣
«ቶሎ ድረሱ» አለች።

ቢሮ ተጠራሁ። ሚስ ክሬግ መነጽሯን አውልቃ
«ፊደል ቀልድ አይደለም» አለች ድምፅዋን አድቅቃ።
ማስጠንቀቂያ ፈረምሁ። ከኋላዋ፣ በመስተዋቱ፣
የመመገቢያው ሰሌዳ ይታየኛል፤
ምግብ አብሳዩ ዱዌይን፣ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያረጀው፣
ከዴዘርት አንዲት ኤስ ሰርቆ ጣፋጩን በረሃ አድርጎታል፤
«ማክሰኞ፦ የፖም በረሃ» እያለ ስንት ወሩ፤
እሱን ማንም ቢሮ አልጠራውም።

የማታ አስተማሪዬ አስጠንቅቃኝ ነበር፦
ከሉስ አንዲት ኦ ብትወድቅ የላላው ይጠፋል፤
በኤንጅል ጭራ ላይ ኤል ኢን ቀድማት ብትቆም
መልአኩ ማዕዘን ይሆናል።
ስለ ፀጉር ቀለም ግን ቃል አልተነፈሰችም።

ዝም አልሁ። በልቤ ወደ ራሴ ፊደል ዞርሁ፤
«ተቀባች» ብዬ ጻፍሁ፣ ትኩር ብዬ አየሁ፤
የባ እግር ቢያጥር፣ ረ መሐል ብትገባ፣
«ተቀበረች» ሆነ።
እኛም ዘንድ ከቀለም እስከ አፈር
አንዲት ረ ናት ያለችው። ኧረ!

አልማ ነገሩን ስትሰማ፣ ራሷን በፎጣ ጠቅልላ፣
እየተንፈቀፈቀች፣ ትከሻዋን ይዛ፣
«እንዳትደውሉላቸው» አለች። «ይምጡ፣ ተዉአቸው።»

ከሰዓት በኋላ መጡ፤ በጫማቸው በረዶ፣
ዓይናቸው አብጦ፣ አንዱ ጥቁር ከረባት አስሮ።
እሷ መስኮቱ ሥር፣ እንደ ማዕድን ቀልታ፦
«ለሞቴ ከሆነ በአንዲት ፊደል ቀድማችኋል፤
ለፀጉሬ ከሆነ ግቡ፤ የፖም በረሃ ቀርቧል።»
የፋርጎው ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ
ለብቻው አለቀሰ።

ግንቦት ላይ፣ በረዶው ሟሙቶ መርከቦቹ ከወጡ በኋላ፣
መዝገቡን ገለጥሁ። ጻፍሁና ቃሉን ሦስቴ አየሁት፤
ኢ የለችም። መኖርም የለባትም።
ደወልሁ። የፋርጎው ልጅ፣ ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣
«ፊደሉን አይተሻል?» አለኝ፣ ድምፁ በሳቅ ሞልቶ።

ስልኩን በትከሻዬ እንደያዝሁ
ፀጉሯን አበጥር ነበር፤
ጫፉ የአርኔ አንገትጌ፣
ሥሩ ሁለት ጣት ያህል ነጭ።

«አይቻለሁ» አልሁት።