የመደርደሪያው እግር

ይህ ግቢ ሲጀመር ጓሳ ነው ክዳኑ፣
በአህያ የመጣ፣ ሦስት ክረምት ዘመኑ፤
አንድ ቤት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የቀለም ብልቃጥ፣
ደጅ ጠኚው ከጽዱ ሥር ባና ለብሶ ሲንቀጠቀጥ።
ይኼን የነገሩኝ ዘበኛው ናቸው፣ ጋሽ ወንድይፍራው፤
እኔ ስቀጠር ቆርቆሮ ሆኗል ጣራው።

በመሐል ሜዳ በረዶ የጣለ ቀን ስብሰባ አይደመጥም፤
የሰብሳቢው አፍ ይከፈታል እንጂ ድምፁ ከጆሮ አይደርስም።
እጁን ሲያነሣ ያየ እጁን አነሣ፤
ምን እንደጸደቀ ያወቅነው በምሳ።

ታፔላውን እይ። ከሥሩ ያለውን ስም
በጥፍርህ ብትፍቀው ታነባለህ፤ እኔ ግን አልሞክርም።
አውራጃ፣ ከሱ ላይ ወረዳ፣ ከሱም ላይ ጽሕፈት ቤት፣
ቀለም በቀለም ላይ፤ ብረቱ ግን ያው የጥንት።
ምስማሩም ያው ነው።

አሠራሩንም ልንገርህ፤ አትናቀው፣ ሥርዓት ነው፦
ደብዳቤ ይገባል፣ ቁጥር ይቀበላል፣ ይመራል ወደሚመለከተው፤
የሚመለከተው መስክ ነው፤
መስክ ካልሆነ ስብሰባ፣ ስብሰባ ካልሆነ ለቅሶ።
እንደምንም ቢፈረም፣ ማኅተሙ ከመሳቢያ፣
መሳቢያው ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከእንዳልካቸው ኪስ፣
እንዳልካቸው ደብረ ብርሃን፣ ሥልጠና።
«ለሰኞ ና።»

የኔ ክፍል መዝገብ ቤት፣ ከመጸዳጃው ጎን፣
አንድ መስኮት፣ ሁለት አይጥ፣ አምስት ሺህ ምናምን
ፋይል፤ በሲባጎ የታሰረ፣ በአቧራ የተገነዘ፣
ጠርዙ በእርጥበት የደነዘዘ።

ጌጤነሽ ኃይለ ሚካኤል የምትባል ሴት ነበረች፣
ለሰኞ ስንላት ሰኞ፣ ለኅዳር ስንላት ኅዳር የመጣች።
የአባቷ የገብስ መሬት ድንበሩ ተገፍቶባት።
«ፋይልሽ የለም» አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት እንዲያ አልኳት።
ውሸት አልነበረም። ፈልጌያለሁ፤ በስሟ፣ በአባቷ፣
በቀበሌው፣ በተከሳሹ፣ አንዴም በሟች እናቷ።
አትቆጣም። ዱላዋን ከደጃፉ ታስደግፋለች፣
ጣራ የነካውን ክምር ሽቅብ ታያለች፣
«ዛሬም አልወደቀም?» ትላለች።
«አልወደቀም» እላታለሁ።
«ይጽና» ትልና ትሄዳለች።

ዘንድሮ አዲሱ ሕንፃ አለቀ፤ ባለ ሁለት ፎቅ፣ መስታወት።
ዕቃ እናውጣ ተባለ። ልጆቹ መደርደሪያውን አዘነበሉት፤
አጭር ኖሯል አራተኛው እግሩ፣
እንደ ጡብ የደረቀ ፋይል አለ ከሥሩ።

እኔ ነኝ ያስገባሁት። በተቀጠርኩ በሳምንቱ፣
ሲወዛወዝብኝ፣ ከወለሉ ወፍራሙን መርጬ።
ማን ያንብበው በሰዓቱ?
ያ ሁሉ ውሳኔ፣ ይግባኝ፣ አቤቱታ በሲባጎ ታስሮ፣
በጌጤነሽ ገብስ ማሳ ላይ ለካስ ቆሞ ኖሮ!

ሰኞ መጣች። ሰጠኋት። ፊደል አታውቅም፤ በመዳፏ መዘነችው፣
የእንጨቱ እግር የጎደጎደበትን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።
የት እንደነበረ ነገርኳት፣ ዓይኔን ጥዬ ከመሬት።
ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ የለባት።
«ታዲያ አሁን በምን ቆመ?» አለችኝ ቆይታ።
«አዲሱ ብረት ነው» አልኳት።
ራሷን ነቀነቀች፣ ለብረቱ ያዘነች መስላ፣ ረጋ ብላ፣ ሳትንገላታ።

ወደ ፎቁ ወጣን። በደረጃው እሷ ቀደመችኝ።
መስኮት ስድስት፤ ልጅቷ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» አለችኝ።
እኔን! ሠላሳ አራት ዓመት የዚህ ግቢ ሰው።
ጌጤነሽ ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እና ይኸው ቁልፉ። ትንሹ የመሳቢያ ነው፣ ትልቁ የበሩ፤
መስኮቱ አይገጥምም፣ በካርቶን ነው ምሥጢሩ።
ሐሙስ ጡረታ ወጣሁ።
ሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ባናዬን ደርቤ፣ ከጽዱ ሥር ቆምኩ፤
ጋሽ ወንድይፍራው «ማን ነህ?» አሉኝ፣
«ባለጉዳይ» አልኩ።
ወረፋ ያዝኩላት።