ሞላ ጎደለ

ሦስት ዓመት ቆጥቤ፣ ቁርስ እየዘለልኩ፣
ለዚች ለሴሊካ ሞላ ልገዛ አልኩ።
ከጅቡቲ ወደብ ባቡር ጭኖ ያመጣት፣
ቀይ ነበረች ድሮ፤ ፀሐይ ነው የላጣት።
ሞተሯ ጤነኛ። አሞርዛተሯ ግን ዘይት እያነባ፣
ጀልባ ትሆናለች ድንገጎ ስትገባ።

ታይዋን ገበያ ውስጥ ዚያድ ካርቶን ቀዶ፣
ወርቅማ ሞላ አሳየኝ፣ ላስቲኩን አውርዶ።
«አዲስ ነው፣ አቦ! ሠላሳ ሁለት ጠቅታ አለው፤
ቢሻህ ድንጋይ ይሆናል፣ ቢሻህ ጥጥ ነው።
በቁልፍ አሽከርክረህ እስከ አስፋልት አውርዳት፣
ከዚራ ስታልፍ ጥላዋን አስልሳት!»
ጠቅ አደረግሁት። ጠቅ። ጠቅ። ደግሜ፣ ደጋግሜ።
እንዲህ የሚታዘዘኝ ነገር አላየሁም በዕድሜ።

ከሐዋ ኢልሚ ግቢ፣ ከፍየሎቹ ጎን፣
ጆንያ ውስጥ ተኝቷል፣ ከጃፓን መኪና የወለቀ፣
ጉንጩ ማድያት የመሰለ፣ ቀለሙ ያለቀ።
ጠቅታው አምስት ብቻ። ዋጋው ግን እኩል።
«አሮጌ ከአዲስ እኩል?» ብዬ ብጠይቃት፣
«ያ ሊማርብህ ነው፤ ይህ ተምሮ ያበቃ፣ በሌላ ሰው ሀብት።»

ድሬ በሙቀቷ ከቤት ስታስወጣኝ፣
ደጅ ፍራሼ ላይ ሁለቱም መጡብኝ።
ወርቅ የተቀባው ሰም፣ ዝገቱ ወርቅ ቢሆንስ?
ደግሞስ ዝገት ማለት ዝገት ብቻ ቢሆንስ?

ጋሽ ክፍሎም፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣው፣
ግማሽ ጣቱን ቶርኖ በወጣትነቱ የበላው፣
ሁለቱንም አየ። አልነካም ወርቁን።
አልነካም ዝገቱን።
«ሞላ ማለት ሞኝ ነው፣ ምት አያሳድርም፤
የመታውን ይመታል እንጂ ነገር አይቀብርም።
ሽማግሌው ይሄ ነው» አለ፣ የዘይቱን ቱቦ በጥፍሩ እየመታ፣
«ጠብ የሚያረግበው፣ ቀስ ብሎ፣ በዝምታ።
ሞላውን ተወውና ሽማግሌህን ምረጥ።
ለመሆኑ የት ልትነዳት ነው?»
«ድንገጎ» አልኩ። አፈርኩ። ልቤ ከዚራ ነበር፣
ጎረምሳ ከሚያፏጭበት፣ ከዛፎቹ ሥር።

ገባው መሰለኝ። «ና» አለኝ።
ደቻቱ አሸዋ ላይ ተንበርክኮ ለካ፤
ከሆዷ እስከ መሬት ስምንት ጣት ነው ለካ፣
ያውም በእሱ ጣት፣ አንዷ ጎዶሎ ሆና።
«ሦስቱን ለከዚራ ጉራ ሰጠህና፣
ሁለቱን ለጭነት፣
ሁለቱን ጎርፍ አንከባሎ ላመጣው ድንጋይ፣
ላንተ አንድ ቀረችህ። እሷም ይቺ ናት» አለ፣
ጎዶሎዋን ቀስሮ።

የሐዋን ገዛሁ።
ሽቦ ብሩሽና ናፍጣ ሲጨርስ ዝገቱን፣
ጋሽ ክፍሎም ጎሚኒውን ለወጠ፣ ለወጠ ዘይቱን።
ሁለት ጣት ዝቅ አልናት። ከዚያ በላይ እምቢ አለ።
የዚያድ ጓደኞች ሳቁ፦
«ግመል ናት መኪና?
እስቲ ቁልቁል እያት፣ ቆማ ነው የምትሄደው፣ አልተንበረከከችም ገና!»

ሳምንት ሳይሞላው፣ ድንገጎ ላይ፣ ከላይኛው መታጠፊያ፣
የአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ ቁልቁል መጣ፣
ሁለቱንም መስመር ይዞ፣ ጥሩምባውን ለቆ፣
እንደ ሠርግ አጃቢ።
ጥጉን ያዝኩ። ጥጉ ጉድጓድ ነበር።
ወደቀች፣ ተነሣች፣ አንዴ ተነፈሰች፤
ሁለተኛ አልደገመችም።
የኔ እጅ ግን መሪው ላይ እስከ አዴሌ ተንቀጠቀጠ፤
ለኔ የሚያረግብ አልተገጠመልኝም።

አሁን የግራ ኋላዋ ይንሲጠሲጣል፤ ጠዋት ብቻ፣ ሲቀዘቅዝ።
ጋሽ ክፍሎም «ቡሽ ነው» ይላል፤ ዚያድ «ብዬህ ነበር» ይላል፤
ሐዋ «ቤቴን ታውቀዋለህ» ብላ ፍየሎቿን ታባርራለች።
እኔ ሞላ ጎደለ ሳልል እነዳለሁ።
ከዚራ ስደርስ ግን፣ ልዋሽ አይደለም፣
ቀስ አደርግና በሱቆቹ መስታወት ጥላዋን አያለሁ፤
አንዲት ጣት ብቻ፣
አንዲት ጣት ብቻ ዝቅ ብትል ምናለበት እላለሁ።