ለተረካቢዬ፣ ከተምጫ ዳር

አንሙት፣ እንኳን መጣህ፤ ወንበሩ ይኸውልህ፣
አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ተጠንቀቅ እንዳይጥልህ።
ይህ መዝገብ፣ ይህ ማኅተም፣ ይህ የመጋዘን ቁልፍ፤
ይህ ደግሞ እቅዱ፣ ግድግዳ የሚያቅፍ፤
አረንጓዴው ያለቀ፣ ቢጫው የተጀመረ፣
ቀዩ የዘገየ፣ በእስክሪብቶዬ ሦስቴ የተቀየረ።

ሰባ ሜትር ድልድይ ነው፣ ለእግርና ለአህያ፤
ከወዲያ ማዶ ሰው፣ ከወዲህ የደምበጫ ገበያ፤
መሃል ላይ ተምጫ።
በበጋ ልጅ ይዘለዋል፣
በሐምሌ ማን ይችለዋል?

መጀመሪያ ነገር በዓላቱን ቁጠር፤
ሚካኤል አሥራ ሁለት፣ ማርያም ሃያ አንድ፣
ባለወልድን ጨምር።
በእነዚያ ቀናት እዚህ ድንጋይ አይፈነቀልም፣
ብትለምን፣ ብትከፍል፣ ማንም አይመጣልህም።
እኔ «ሠላሳ የሥራ ቀን» ብዬ ስጽፍ ከርሜ
ልየው አናጢው ሳቀ፤ በጣቱ ሲቆጥር አየሁት ቆሜ።
አሥራ ዘጠኝ ወጣ።

እሺ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቀስ ብለህ ለያቸው።
አንዱ «ሰምቻለሁ»፣ አንዱ «ሂድልኝ» ነው፣
ሦስተኛው ብቻ ነው «እሠራለሁ» የሚል ከልባቸው።
«መቼ?» በል። «በማን እጅ?» በል።
ዓይኑ መሬት ከፈለገ፣ ያ እሺ አይቆጠርልህም።

አንድን ሥራ ለሁለት ሰው አትስጥ፣ አደራ፤
ሁለት ጌታ ያለው በሬ ጭድ ሳይቀምስ ያድራል፣
አንዱ «እሱ አብልቶታል» ሲል፣ አንዱ ሌላውን ሲጣራ።

ሲሚንቶውን በየማታው ከትብለጥ ጋር ቁጠር፤
ስለማትታመን አይደለም፣ ታማኝ ስለሆነች ነው፤
የጎደለ ቀን ጣት የሚቀሰረው ቁልፍ ወደ ያዘች ነው።
ቆጠራው ለሷ ነው አጥር።

ስብሰባውን በቁም አድርገው፣ ጠዋት፣ አካፋ ሳይነሳ፤
የተቀመጠ ሰው ወሬ ጥሞት፣ የመጣበትን እንዳይረሳ።

አሁን በሩን ዝጋው። መዝገብ ላይ የሌለውን ልንገርህ።

አምና በሚያዝያ አያ ደምለው መጡ፣
ዱላቸውን ዳገቱ ላይ ተክለው፦
«አንች ልጅ፣ ወፎቹ ዘንድሮ ጎጇቸውን ሽቅብ አወጡ፤
ውሃው እዚህ ይደርሳል። ምሰሶሽን ከፍ አርጊው።»
እሺ አልኳቸው።
ሁለተኛውን እሺ።

ለባሕር ዳር ቢሮ በምልከው ቅጽ ላይ
«ስጋት» የሚል ዓምድ አለ፤ «የለም» ብዬ ጻፍኩ፤
ቃሉ አጭር ነው፣ እጅ አያደክም።
አሥር ቀን ወደ ኋላ መቅረታችንን ግን አልጻፍኩም።
ትንሽ ጥሩ ዜና እስክጨምርበት ብዬ ክፉውን አሳደርኩት፤
አንድ ቀን፣ ሌላ ቀን፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ አቀፍኩት።

ሰኔ በገባ በሰባተኛው ሌሊት ተምጫ ሞላ፤
ጣውላውን፣ ብረቱን፣ ሴቶቹ ሁለት ወር በጀርባ
ያመላለሱትን ድንጋይ፣ ሁሉን በላ።
ሰው አልሞተም፤ ተመስገን።
ጠዋት ግን ትብለጥ ባዶውን ዳር እያየች
«ታውቂ ነበር?» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ምንም አላለች።
እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

ስለዚህ ክፉውን ዜና በዕለቱ ንገር። አለቃ ይቆጣል፤
ይቆጣ። የአለቃ ቁጣ ምሳ ሲደርስ ይወጣል፤
ተምጫ ግን ከተቆጣ እስከ መስከረም ይቆጣል።

አዲሱ ምሰሶ የቆመው ዱላቸው የነበረበት ላይ ነው።
የስጋቱ ዓምድም ሞልቷል፤ የአያ ደምለው ስም አለበት፣
ወፎቹም አሉበት፤ የቢሮ ሰው ቢስቅ ይሳቅበት።
ሲያገኙህ «ምን ታየዎት?» በላቸው፤
ከዚያ ዝም በል። ዝም ማለት ለኔ ከሁሉም ከበደኝ፣
ገና መልስ ሳይጀምሩ እቅዴን ላስረዳ ምላሴ ይቀድመኝ።

በል፣ ልሂድ፤ የማርቆስ መኪና ካመለጠኝ እዚሁ ማደሬ ነው።
የመጋዘኑ ቁልፍ አንዳንዴ ይይዛል፤
ትንሽ ወደ ላይ አንሳና አዙረው።
አትታገለው።
ልየው በጉልበት ሞክሮ አንዱን ሰብሮታል፣
ስባሪው አሁንም ከውስጥ አለ።